ጸጋው ዝናቡም ነው

ነሐሴ በገባ ቁጥር የማይቀር አንድ ቀልድ አለ። ታክሲ ለመጠበቅ የተሰለፈ፣ ጫማው ውኃ የቋጠረ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ «ይኼው እንግዲህ፣ የ13 ወር ፀሐይ!» ይላል። ሰልፈኛው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቀልዱ ግን ታሪክ አለው።

«የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለዓለም ያስተዋወቁት የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ጊዜው የቱሪዝም ድርጅታችን ዳዴ የሚልበት፣ 1950ዎቹ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው። ብርድና ጭጋግ ላማረረው አውሮፓዊ ፀሐይ ብርቅ ናት፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ደግሞ ሰምቶም አያውቅ። አቶ ሀብተሥላሴ ሁለቱን በአንድ ሐረግ አስረው አቀረቡለት። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገለገለ።

እኔን የሚገርመኝ የአማርኛው ነው። ለፈረንጁ «ፀሐይ» የተባለው ወደኛ ሲመለስ «የ13 ወር ጸጋ» ሆነ። እንዲህ አድርጎ የመለሰው የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ለገበሬ 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት እርግማን ነዋ! በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነው ምን ነበር? ዝናብ ቀረ፤ ፀሐይዋ ግን አልቀረችም። መንግሥት ረሀቡን ሲደብቅ ሕዝብ በየመንገዱ ወደቀ። በዚያው ጊዜ የቱሪስት ፖስተሮቻችን ፀሐያችንን ያወድሱ ነበር። ይህን የምለው መፈክሩን ለመውቀስ አይደለም። እንግዳ የሚጠራበትና ባለቤቱ የሚኖርበት ወቅት አንድ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

ባለቤቱ ወቅቱን እንዴት ይቆጥር ነበር? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ጸደይ መቼ ነው?» እላቸው ነበር። አብዛኞቹ «መስከረም!» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ በትርጉም መጻሕፍት አበባ የሚፈነዳበት የፈረንጅ ወቅት ጸደይ እየተባለ ስላነበቡት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው። ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፣ በተለምዶ በጋ የምንለው፣ ይከተላል። ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የቀረው፣ እስከ መስከረም 25፣ ክረምት ነው። እንቁጣጣሽን የምናከብረው ክረምት ሳይወጣ ነው ማለት ነው!

ክረምቱም ቢሆን አንድ ወጥ ጨለማ አይደለም። አባቶች ሰባት ቦታ ከፍለውታል። መጀመሪያ የዘርና የደመና ጊዜ አለ፤ ከሐምሌ 19 ጀምሮ ደግሞ የመብረቅ፣ የነጎድጓድና የወንዞች ሙላት ጊዜ ይገባል። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ያለው ነው። ስሙ ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ ነው፤ የንጋት ጊዜ። ያኔ ውጭውን ብታዩት ገና ጭቃ ነው፤ ጎተራው ተሟጧል፤ አዝመራው አልደረሰም። ለድሃ ቤት ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ያ ሰሞን ነው። ስሙ ግን ንጋት ነው። ሰው ብርሃኑን ካየ በኋላ ንጋት ቢል ምን ይደንቃል? እነሱ ግን ሳይነጋ ጠሩት።

ደስታ በአገራችን እንዲህ ነበር የሚለመደው፤ ሁሉ ነገር እስኪሟላ ሳይጠበቅ። ነሐሴ 13 ሰማዩ እንደ ጠቆረ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ሲዘንብ እየዘለሉ ይጠመቁበታል። በመስከረም ዐደይ ስትፈነዳ የምታስደስተን ጭቃውን ስላቦካን ነው። ዓመቱን ሙሉ ብታብብ ኖሮ ማን ዞሮ ያያት ነበር?

ዛሬ ስልካችን የሚነግረን «ዝናብ አለ» ወይም «ዝናብ የለም» ብሎ ነው። ሁለት ቃል! ሰባት ስም የነበረውን ክረምት «ቆሻሻ አየር» ብለን የምንገላገል ከሆነ፣ ያጣነው ቃል ብቻ አይደለም፤ ከዓመቱ ሩቡን ሳንኖርበት ማለፋችን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ከተገናኘንና «ይኼው የ13 ወር ፀሐይ!» ያለ ቀልደኛ ካለ፣ እስቅና እመልስለታለሁ፦ «ወንድሜ፣ የኛ እኮ ጸጋ ነው የሚለው። ደግሞም እየነጋ ነው።»