የሰው ወርቅ በጃካርታ

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» እያልን አድገናል። ግን ሁሌ እውነት ነው እንዴ? እስቲ ወደ ጃካርታ እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ቶኪዮ ነው። በ2005 የዘፈን ግጥም ደራሲው ያሱሺ አኪሞቶ አኪሃባራ ሰፈር ውስጥ ኤኬቢ 48 የተባለ የሴቶች ቡድን አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በቴሌቪዥን ብቻ የምናያት ኮከብ ሳትሆን ሄደን የምናገኛት ልጅ። ለዚህም 250 ሰው ገደማ የሚይዝ ትንሽ ቲያትር ቤት ተከፈተ።

ዘፈን በሲዲ ይላካል፤ ቅርበት ግን አይላክም። ስለዚህ በ2011 ጄኬቲ 48 የተባለችው የጃካርታ እህት ስትወለድ ከቶኪዮ የሄደው አሠራሩ ራሱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 28 ልጆች እዚያው ተመረጡ። በ2012 አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የራሳቸውን ቲያትር ቤት አገኙ። ዜማው የጃፓን፣ ቃሉ ግን የኢንዶኔዥያ ሆነ።

ሁሉም እህት ግን በእናት ቤት አይኖርም። በ2012 የተመሠረተችው የሻንጋይዋ ኤስኤንኤች 48 ቤጂንግና ጓንግዡ ላይ የራሷን እህቶች ስትከፍት ቶኪዮ ተቆጣች፤ በ2016 «ውል ፈረሰ» ተባለና ተለያዩ። ጃካርታ ግን ከቤተሰቡ ሳትወጣ፣ በራሷ ቋንቋ እየዘፈነች ቀጠለች።

እኛ «ኮፒ ነው!» ለማለት እንፈጥናለን። የጃካርታ ልጆች ግን የተዋሱትን ወርቅ በአፋቸው አቅልጠው ሠሩት። እና ወርቁ አሁን የማን ነው?