ብርሃንና ዓይን በአንድ መንገድ፦ የዓይን መመርመሪያ መብራት ታሪክ

የሰውን ዓይን አተኩረን ስንመለከት ብሌኑ እንደ ከሰል ጠቁሮ እናገኘዋለን። ብሌን ግን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው እንጂ ጥቁር ነገር አይደለም። ከቀዳዳው በስተ ኋላ ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን፣ ደም ሥሮችና ወደ አንጎል የሚሄደው የማየት ነርቭ ይገኛሉ። በጥንት ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ይህን ሁሉ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ለማየት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ዓይኑ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሆነ ሰው ማየት ሲሳነው፣ በሽተኛውም አያይ፣ ሐኪሙም አያይ፤ የበሽታው ምክንያት ተሰውሮ ይቀር ነበር። እኛም ይህ መጋረጃ እንዴት እንደ ተገለጠ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ችግሩ የመብራት ማነስ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን ከውስጥ ተንጸባርቆ ሲወጣ በመጣበት መንገድ ወደ መብራቱ ይመለሳል። ይህን ተመላሽ ብርሃን ለማየት ሐኪሙ ዓይኑን በዚያው መንገድ ላይ ማድረግ አለበት፤ እንዲህ ሲያደርግ ግን የራሱ ጭንቅላት መብራቱን ይጋርድበታል። እንግዲህ አንድ ሻማ በነበረበት አሥር ሻማ ቢበራ ጥቅም የለውም። የሚያስፈልገው የመብራቱንና የተመልካቹን መንገድ አንድ ማድረግ ነበር።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ በ1847 ዓ.ም. ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሠርቶ ለአንድ የዓይን ሐኪም አሳይቶ ነበር፤ ሆኖም የመሣሪያው ጥቅም በጊዜው ስላልታወቀ ሥራው ወደ ጎን ተተወ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትስ፣ ገና የ29 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1850 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መፍትሔውን አገኘ፤ በ1851 ዓ.ም. ም በጽሑፍ አወጣው። ዘዴው ቀላል ነው፤ መብራቱን ከበሽተኛው ጎን አስቀመጠና በራሱ ዓይን ፊት የተደራረቡ ቀጫጭን መስተዋቶችን አዘንብሎ ያዘ። መስተዋቶቹ ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ በሽተኛው ዓይን ይመልሳሉ፤ ከዓይኑ የሚወጣውንም ብርሃን ከፊሉን ወደ ሐኪሙ ያሳልፋሉ።

ይሁን እንጂ በዚህ መሣሪያ የሚገኘው ብርሃን ደካማ ነበር። በ1852 ዓ.ም. ክሪስቲያን ርዩተ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ፣ ብርሃንን የሚሰበስብ መካከሉ የተበሳ ጎድጓዳ መስተዋት በማቅረቡ ምርመራው ተሻሻለ። በበርሊን የነበረው አልብሬክት ፎን ግሬፌም በአዲሱ መሣሪያ እየታገዘ ግላኮማ የሚባለውን ዓይን አጥፊ በሽታ አጠና፤ በ1857 ዓ.ም. ም ለዚህ በሽታ የሚሆን ቀዶ ሕክምና ለዓለም አስታወቀ።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ የተገኘው በስዊድን ነው። ፀሐይ በጨለማ ጎጆ ቀዳዳ ስትገባ፣ በሜዳ ላይ የማይታየውን የአቧራ ቅንጣት እንደምታሳየን ሁላችን እናውቃለን። ፕሮፌሰር አልቫር ጉልስትራንድ በ1911 ዓ.ም. ያቀረበው መሣሪያ ሥራው ይህን ይመስላል። የኤሌክትሪክ መብራት በጠባብ ስንጥቅ አልፎ እንደ ቢላዋ ስለት የቀጠነ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል፤ በዚህም የኮርኒያና የሌንስ ጉዳት በየንብርብሩ ተለይቶ ይታያል። ይህ መሣሪያ ስሊት ላምፕ ይባላል። ጉልስትራንድ ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደምትሰብር ስለ መረመረ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1916 ዓ.ም. ኦቶ ሄንከር በጀርመን አገር መብራቱን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጣመረው።

ከዚህ ወዲህ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ። ቀጭኑ ብርሃን የወደቀበትን ስፍራ ሲያጎላ ዙሪያውን በጨለማ ይተወዋል፤ ስለዚህ በተለይ ፎቶግራፍ ሲነሣ ለስለስ ያለ ሁለተኛ መብራት ይጨመርበታል። ከሬቲና ተመልሶ የሚወጣው ቀይ ብርሃን ደግሞ የዓይን ሞራን እንደ ጥላ አድርጎ ያሳያል። ፍሎረሲን የሚባለው ማቅለሚያ በዓይን ላይ ጠብ ተደርጎ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት የኮርኒያ ቁስል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እያንዳንዱ ብርሃን ሌላው የደበቀውን ይገልጣል። ብርሃኑን ያለ ልክ ማብዛት ግን በሽተኛውን ያስጨንቃል፤ ሬቲናንም ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም በመጠን ይጠቀምበታል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። የዓይን ሞራና ትራኮማ በአገራችን የብዙ ሰዎችን ዓይን አጥፍተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ዓ.ም. ባወጣው ቀላል የትራኮማ መለያ ዘዴ መሠረት፣ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ሁለት ተኩል ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና የቀን ብርሃን ወይም የእጅ ባትሪ ካለው፣ የዓይንን ቆብ ገልብጦ በሽታውን መለየት ይችላል። ውድ መሣሪያ ባልደረሰበት ገጠር እንኳ የሰው ዓይን ሊድን የሚችለው እንዲህ ነው። እኛም የፊዚክስ ትምህርታችንን ስናጠና የብርሃን መንጸባረቅ ሕግ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ነገር አለመሆኑን እናስብ፤ ሄልምሆልትስ የሐኪሞችን መጋረጃ የገለጠው በዚሁ ሕግ ነውና።