ከፍል ውሃ ሽቅብ

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ እናቴ አረፈች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐኪሜ መድኃኒት ጻፈችልኝና «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እያየሽ ዳገት ውጪ፤ ዓይንሽ የማለዳ ብርሃን ሲያገኝ ሰውነትሽ ሌሊቱን ከቀን ይለያል» አለችኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ የዚህን ዳገት ነገር ልብ ያልኩት በእግሬ ስወጣው ነው። አዲስ አበባን የቆረቆሯት ለጤናቸው ብለው ከዚህ ተራራ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ንጉሥ ምኒልክ እንጦጦ ላይ የከተሙት ጠላትን ከሩቅ ለማየት ስለሚመች ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋልና ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ለማገዶ የሚሆን ዛፍም እየተመናመነ ሄደ። ቁርጥማት የያዘው ሁሉ ወደ ፍል ውሃ ይወርድና ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ገላውን በሙቁ ውሃ እየታጠበ ይሰነብት ነበር። የንጉሡ ባለቤት ጣይቱ ብጡልም ስፍራውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. እዚያው ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉና አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱ ተከተሏቸው፤ ተራራው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቀረ።

የማገዶው ችግር ግን አብሮ ወረደ። ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ምንጭ ያደርቃል ብለው የሚወቅሱት እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ዝናብ ካባራ በኋላ የባሕር ዛፉን ሽታ ስስብ ደረቴ ሲከፈት ይሰማኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ እቆም ነበር፤ አየሩ ስስ ነው። ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ የተለማመደበት ዳገት ነውና አይፈረድብኝም። ጠበልተኞች ሱባኤ እንደሚቆጥሩ እኔም በሰባት በሰባት ቆጠርኩ። በሦስተኛው ሰባት ላይ አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በሐዘን ያልሆነ የመጀመሪያው ለቅሶዬ ነበር።

ስወጣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙኛል። ወገባቸው እስኪጎብጥ ተጭነው «እንደምን አደሩ እማማ» ይሉኛል። እኔን የሚያድነኝ መንገድ እነሱን ይሰብራል። ለጤናችሁ ብላችሁ እንጦጦ የምትወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ዳር ይዛችሁ አሳልፏቸው።