ክሊን አፕ

ክሊን አፕ «ንጹሕ» ወይም «ማጽዳት» የሚል ትርጉም ካለው «ክሊን» እና «ወደ ላይ» ከሚለው «አፕ» የተሠራ የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል ነው። እዚህ ላይ «አፕ» አቅጣጫን ሳይሆን ድርጊቱ ተሟልቶ መፈጸሙን ያሳያል። በአማርኛ «ጠራረገ»፣ «አጸዳዳ» ወይም «አጽድቶ ጨረሰ» የሚሉት ይቀርቡታል። ግሥ ሲሆን በሁለት ቃል፣ ስም ሲሆን በአሜሪካ አጻጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ይጻፋል።

የተለመዱ አጠቃቀሞች

* በቤት ውስጥ፦ ክፍልን ማስተካከል፣ ከምግብ በኋላ ዕቃ ማነሣሣት፣ ተጣጥቦ መዘገጃጀት።
* በገንዘብ፦ በአነጋገር ቋንቋ ብዙ ትርፍ ማግኘት። «ጠራርጎ ወሰደ» ከሚለው አማርኛ ጋር ይመሳሰላል።
* በቤዝቦል፦ በተራ 4ኛ የሆነው መቺ «ክሊንአፕ ሂተር» ይባላል። በፊቱ የመቱት ተጫዋቾች በየማረፊያው ቆመው ከሆነ፣ የእርሱ ጠንካራ ምት ሁሉንም ወደ መነሻው እንዲመልስ ይጠበቃል።
* በኮምፒውተር፦ የማያስፈልጉ ፋይሎችንና የተደጋገሙ መረጃዎችን ማስወገድ።
* በፖለቲካ፦ ሙስናን ከመሥሪያ ቤት ማስወገድ።

በአካባቢ ጥበቃ

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው በዚህ ዘርፍ ነው፤ «ጸድቷል» ማለት ምን እንደሆነ የሰዎችን ጤናና መኖሪያ ይነካልና። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኘው የላቭ ካናል ሰፈር፣ ቀድሞ የተቀበረ የኬሚካል ዝቃጭ በመውጣቱ እ.ኤ.አ. በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነዋሪዎችም ለቀው ወጡ። በ1980 የወጣው «ሱፐርፈንድ» የተባለው ሕግ የማጽጃውን ወጪ በካዮቹ እንዲከፍሉ ያስገድዳል። ሆኖም በላቭ ካናል ዝቃጩ በአብዛኛው አልተነሣም፤ በሸክላ አፈር ተሸፍኖና ታጥሮ በክትትል ሥር ይገኛል። ስለዚህ «ክሊንአፕ» አንዳንዴ ማስወገድ ሳይሆን መርዙ እንዳይወጣ መግታት ማለት ነው።

ማጽዳቱ ራሱም ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1989 «ኤክሶን ቫልዴዝ» የተባለች መርከብ በአላስካ ባሕር ወደ 11 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ድፍድፍ ዘይት አፈሰሰች። ዳርቻዎቹ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ትኩስ ውኃ ሲታጠቡ፣ ከዘይቱ የተረፉ ብዙ ትንንሽ ፍጥረታት ሞቱ።

በዘመቻ ስም

በ1989 ብዙ ሕዝብ የሲድኒን ወደብ ካጸዳ በኋላ፣ ከ1990 ጀምሮ «ክሊን አፕ አውስትራሊያ» የተባለ ዓመታዊ የጽዳት ቀን ይከበራል።