በአነስተኛ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ላይ የሚከሰትን የኤሌክትሪክ መስመር ብልሽት መለየትና መጠገን

አጠቃላይ መግለጫ

በጣና፣ በአባያ፣ በጫሞና በሌሎች ሐይቆች ላይ ከባህላዊ ታንኳዎች ጎን ለጎን በሞተር የሚንቀሳቀሱ አነስተኛ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ይሠራሉ። መረብ በብዙ ቦታ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ የሚነሣ በመሆኑ የጀልባው መብራት፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ባትሪና የገባውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ከሥራ መሣሪያነት አልፈው የአስጋሪው የሕይወት ዋስትና ናቸው። መብራቱ የጠፋ ጀልባ በጨለማ ለሌሎች አይታይም። ሞተሩ አልነሣ ያለ ጀልባ ደግሞ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ወደወሰደው ይሄዳል። አዞና ጉማሬ ባለበት እንደ ጫሞ ባለ ሐይቅ ጀልባን ትቶ በዋና ወደ ዳር ለመድረስ መሞከር ከብልሽቱ የባሰ አደጋ ያስከትላል።

በአነስተኛ ጀልባዎች ላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ወይም የመብራቱ ብልሽት ሳይሆን የመገጣጠሚያዎች መዛግና መላላት ነው። ስለሆነም አምፖልና ባትሪ በግምት ከመለወጥ ይልቅ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነሥቶ እስከ መሣሪያው የሚሄድበትንና የሚመለስበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መመርመር ገንዘብንም ጊዜንም ይቆጥባል። ይህ መረጃ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ አነስተኛ ጀልባዎችን ይመለከታል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ወደ ጀልባው ወለል ወርዶ ይጠራቀማል። ባትሪም ኃይል በሚሞላበት ጊዜ በቀላሉ የሚቀጣጠል የሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። በዚህ ምክንያት፦

• ጀልባው ዳር ላይ በሚገባ ታስሮ፣ የተከደኑ ክፍሎች ተከፍተው አየር እስኪዘዋወር ይጠበቃል፤ በአካባቢው ሲጋራ ማጨስም ሆነ እሳት ማቀጣጠል አይፈቀድም።
• ባትሪ ሲፈታ በመጀመሪያ የኔጌቲቩ ገመድ፣ ሲታሰር ደግሞ በመጨረሻ የኔጌቲቩ ገመድ ይሆናል። ይህም የመፍቻ ቁልፉ ሌላ ብረት ቢነካ እሳት እንዳይፈጠር ይከላከላል።
• ቀለበት፣ ሰዓትና የብረት አምባር ይወልቃሉ።
• ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪ ገመድ ፈጽሞ አይፈታም፤ የሞተሩን የኃይል መሙያ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ቮልትና የመስመር መቋረጥን የሚለካ ቴስተር፣ የመፍቻ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ግራሶ፣ ናስትሮ፣ ትርፍ ፊውዞችና ትርፍ አምፖል በቂ ናቸው። ጫፉን ከሩቁ የጀልባ ክፍል እስከ ባትሪው የሚያደርስ ጥቂት ሜትር ገመድ መያዝም ምርመራውን ያቀላል።

ብልሽትን በቅደም ተከተል መፈለግ

1. ባትሪውን መለካት። ኃይል የሞላ ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ሥራ ሳይሠራ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መቅረቱን፣ ከ12 ቮልት በታች መሆኑ ደግሞ ሊያልቅ መቃረቡን ያመለክታል። ኃይል መሙያ ያለው ሞተር በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊደርስ ይገባል፤ ካልጨመረ ባትሪው ኃይል እየተሞላ አይደለም ማለት ነው።

2. ሞርሴቶዎችን መመርመር። ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያይዘው ሞርሴቶ በእጅ ሲወዘወዝ መንቀሳቀስ የለበትም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካለ ይፈታል፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ይጸዳል፤ ከታሰረ በኋላም ከላይ ግራሶ ይቀባል። ግራሶው የሚቀባው ከማሰር በኋላ እንጂ በሚነካኩት ብረቶች መካከል አይደለም።

3. ፊውዝን መፈተሽ። ፊውዝ በዓይን ሲታይ ደህና መስሎ ውስጡ የተቋረጠ ወይም መቀመጫው የዛገ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ቮልት መኖሩ ይለካል። በአንዱ ጫፍ ኖሮ በሌላው ከሌለ ፊውዙ ተቋርጧል።

4. መሣሪያው በርቶ ሳለ መለካት። ብዙዎች የሚስቱት ይህንን ደረጃ ነው። ከአሥር ክሮች ዘጠኙ የተበጠሱበት ገመድ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ መብራቱ ጠፍቶ ወይም አምፖሉ ወጥቶ ሲለካ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ማብሪያው ተከፍቶ ኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲጀምር ግን ቮልቱ ይወርዳል። ስለዚህ ምንም ሳይበራ የተገኘ ንባብ መስመሩ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

5. የጠፋው ቮልት የት እንደቀረ ማግኘት። መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው በመብራቱ ፖዘቲቭ ላይ ይደረጋል። የሚታየው ቁጥር በመሄጃው መስመር ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከዚያም በባትሪው ኔጌቲቭና በመብራቱ ኔጌቲቭ መካከል በተመሳሳይ መንገድ ይለካል። የሁለቱ ድምር ለመንገድ መብራት ከ0.4 ቮልት ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ የቴስተሩ ጫፍ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ቀጣዩ እየተዛወረ ይለካል፤ ቁጥሩ በድንገት የዘለለበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው።

የመመለሻው ማለትም የኔጌቲቭ መስመር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። ሆኖም በርካታ መሣሪያዎች የሚጋሩት በመሆኑ የአንድ ብሎን መዛግ ሁሉንም በአንድ ላይ ሊያውክ ይችላል።

የሚታዩ ምልክቶችና ምክንያታቸው

• ሁሉም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከጠፉ፦ ባትሪው፣ ዋናው ፊውዝ፣ ዋናው ማጥፊያ ወይም የጋራው ኔጌቲቭ ይመረመራል።

• አንድ መሣሪያ ብቻ ካልሠራ፦ የራሱ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ መገጣጠሚያና አምፖል ይታያል።

• መብራቱ ከደበዘዘ፦ ቮልት በመንገድ እየጠፋ ነው። ክር ባለው አምፖል ላይ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

• አንዱ ሲበራ ሌላው ከደበዘዘ፦ ሁለቱ የሚጋሩት መስመር፣ በተለይም ኔጌቲቩ፣ ላልቷል ወይም ዝጓል።

• ጀልባው ሲናወጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፦ የላላ ብሎን ወይም በሽፋኑ ውስጥ የተበጠሰ ገመድ አለ።

• አዲስ ፊውዝ በተደረገ ቁጥር ከተቃጠለ፦ ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ጋር ተነካክቷል። ባትሪው ተፈትቶ፣ መሣሪያውም ከመስመሩ ተነቅሎ በሁለቱ ገመዶች መካከል ግንኙነት መኖሩ በቴስተር ይለካል። ግንኙነት ከታየ መስመሩ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ እየተከፈለ የተነካካው ክፍል ይለያል።

• ባትሪው ጀልባው ቆሞ ሳለ አልቆ ካደረ፦ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ቴስተሩ በአምፔር መለኪያው በባትሪው ኔጌቲቭና በተፈታው ገመድ መካከል ይገባል። ፍሰት ከታየ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ሲነቀል ፍሰቱን የሚያቆመው ፊውዝ ኃይል የሚያባክነውን መስመር ያሳያል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ተገናኝቶ ሳለ ሞተር ለማስነሣት መሞከር የለበትም።

• ሞተሩ ካልተነሣ፦ ሞተሪኖው ጭራሽ ካልዞረ ማርሹ ፍሪ ላይ መሆኑ በቅድሚያ ይታያል። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ የድንገተኛ ማቆሚያው ገመድ በቦታው መሰካቱ ይረጋገጣል። ሞተሪኖው እየጎተተ በዝግታ ከዞረ በዚያው ቅጽበት ባትሪው ላይ ይለካል፤ ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ኃይል አልተሞላም። ባትሪው ላይ ያለው ቮልት ሳይወርድ ሞተሪኖው ከደከመ ግን ችግሩ በወፍራሞቹ ገመዶች ወይም በሞርሴቶው ላይ ነው።

ፊውዝን በሽቦ ወይም በብርማ ወረቀት ስለመተካት

ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ገመዱን ነው። በገመድ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በእጥፍ ሲጨምር የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የ10 አምፔር ፊውዝ በ20 አምፔር፣ በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ሲተካ መብራቱ ለጊዜው ሊበራ ይችላል፤ ሆኖም በሚቀጥለው መነካካት የሚቃጠለው ከፊውዙ ይልቅ ከቤንዚን ታንከሩ አጠገብ የሚያልፈው ገመድ ይሆናል። የተቃጠለ ፊውዝ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከፍ ባለ ፊውዝ አይተካም። ዋናው ፊውዝም በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ ሆኖ፣ ቢበዛ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ በፖዘቲቩ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ገመድ ጠባቂ የለውምና።

ሐይቅ ላይ ሳሉ ብልሽት ቢከሰት

በውሃ ላይ የሚደረገው ጥገና ሳይሆን ወደ ዳር መመለስ ነው። በመጀመሪያ አላስፈላጊ መሣሪያዎች ይጠፋሉ፤ ሞርሴቶዎቹም በእጅ ጠበቅ ይደረጋሉ። በገመድ የሚነሣ ሞተር ያለ ባትሪ ሊነሣ ስለሚችል ይሞከራል። የጭስ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ዋናው ማጥፊያ ወዲያውኑ ይዘጋል። በጀልባው ላይ ሁልጊዜ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ የእጅ መብራት፣ መቅዘፊያ፣ የሕይወት አድን ጃኬትና ከውሃ የተጠበቀ ስልክ መኖር አለባቸው። የሄዱበትን ቦታና የመመለሻ ሰዓት ለቤተሰብ ወይም ለማኅበሩ አባላት ማሳወቅም ከማንኛውም መሣሪያ ያልተናነሰ ጥበቃ ነው።

ዘላቂ ጥገና

• ለቤት ግድግዳ የሚያገለግለው ባለ አንድ ክር ጠንካራ ሽቦ በሞተር ንዝረት ስለሚሰበር በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ገመድ ይመረጣል።

• ገመዱ ለርቀቱ የሚመጥን ውፍረት ይኑረው። ለምሳሌ ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ 5 አምፔር የሚወስድ መብራት በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ቢሠራ ወደ 0.6 ቮልት ይጠፋል፤ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን የሚጠፋው 0.35 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱ የመሄጃውንና የመመለሻውን 10 ሜትር ያጠቃልላል።

• ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ውሃ አምቆ ከውስጥ ይዝጋል። በፒንሳ በሚጨመቅ ማያያዣ ተይዞ ውሃ በማያስገባ ሽፋን መሸፈን ይኖርበታል።

• መገጣጠሚያዎች ውሃ ከሚጠራቀምበት ወለል ከፍ ብለው፣ ገመዶችም በየጥቂት ርቀቱ ታስረው ይቀመጣሉ። ከቤንዚን መስመር ጋር አብሮ የታሰረ ገመድ ይለያል።

• የተቆረጠ ገመድ ውስጡ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ይቆረጣል፤ ካልተገኘ ሙሉው ይለወጣል።

• ባትሪው በማዕበል እንዳይገለበጥ ይታሰራል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው።

• በወር አንድ ጊዜ ሞርሴቶ፣ ፊውዝና መብራት ቢፈተሹ አብዛኛው ብልሽት ሐይቅ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ይገኛል።

የባለሙያ ድጋፍ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ገመድ ወይም ሽፋን የቀለጠ እንደሆነ፣ ፊውዝ በተደጋጋሚ ተቃጥሎ ምክንያቱ ካልተገኘ፣ ሞተሩ ባትሪውን የማይሞላ ወይም ከ15 ቮልት በላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ እንዲሁም ብልሽቱ ከቤንዚን ታንከር አጠገብ ከሆነ ጀልባው ከአገልግሎት ወጥቶ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታያል። ተገልጋዮች ወደ ባለሙያ ሲሄዱ የተለኩትን ቁጥሮች፣ ብልሽቱ የታየበትን ሁኔታና ቀደም ሲል የተለወጡ ዕቃዎችን ጽፈው ቢይዙ ጥገናው የተፋጠነ ይሆናል።