ውኃ የሚያወጡ ወፍጮዎች

ከኔዘርላንድስ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ይገኛል። ይህ መሬት ለዘመናት ሳይጥለቀለቅ የታረሰው በአብዛኛው በነፋስ ወፍጮ ጉልበት ነው። ወፍጮ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እህል ነው፤ በሆላንድኛ ግን «ሞለን» የሚለው ስም ውኃ የሚያወጣውንም፣ ግንድ የሚሰነጥቀውንም፣ ዘይት የሚጨምቀውንም ያጠቃልላል።

ያም ሆኖ መነሻው እህሉ ነው። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ የተስፋፋው የነፋስ ወፍጮ መላ ቤቱ በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነፋሱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ቤቱ ከነድንጋዩና ከነዱቄቱ ተገፍቶ ይዞራል። ኋላ ላይ ቤቱ ባለበት ቆሞ ክንፎቹን የያዘው ቆቡ ብቻ የሚዞርበት አሠራር ሲመጣ ትልልቅና ጉልበታም ወፍጮ መሥራት ተቻለ።

ወፍጮውን ወደ ውኃ ሥራ ያዞረው ሰዎች ራሳቸው ያመጡት ችግር ነው። ረግረጉን ለእርሻ ሲያጠነፍፉትና አፈሩን ለማገዶ እየቆፈሩ ሲያወጡት መሬቱ እየሟሸሸ ወረደ፤ ቀድሞ በቦይ ወርዶ ይሄድ የነበረው ውኃ መውጫ አጣ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወፍጮ ክንፍ በድንጋይ ፈንታ መቅዘፊያ ያለው መንኮራኩር ማዞር ጀመረ። መንኮራኩሩ ውኃውን ከታችኛው ቦይ እየዛቀ ወደ ላይኛው ይገፋል። አንዱ ወፍጮ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አሳልፎ ስለማያነሳ፣ ጥልቅ በሆነ ቦታ ሦስት አራት ወፍጮዎች በተርታ ቆመው ውኃውን ይቀባበሉታል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ፈተና የቤምስተር ሐይቅ ነበር። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው በ1607 ሥራው ተጀመረ። በሐይቁ ዙሪያ ግድብ ተሠራ፤ ከግድቡ ውጭ ውኃውን የሚቀበል ቦይ ተቆፈረ። በ1610 የባሕሩ ግድብ ተደርምሶ ሐይቁ እንደገና ሞላ። ሥራው ግን አልቆመም፤ በወፍጮ ሠሪነቱ የታወቀው ያን አድሪያንስዞን ሌግዋተር በተሳተፈበት በዚህ ሥራ 43 ወፍጮዎች ተተክለው በ1612 ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ተገኘ። ቦታው ከ1999 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ነፋሱ ኢንዱስትሪም ፈጥሯል። የኦይትሄስቱ ኮርኔሊስ ኮርኔሊስዞን በ1593 ነፋስ ለሚያንቀሳቅሰው መጋዝ የባለቤትነት መብት አገኘ። የፈጠራው ምስጢር የክንፉን ዙረት ወደ ላይና ወደ ታች እንቅስቃሴ የሚለውጥ ጎባጣ ዘንግ ነው። ጣውላ በፍጥነትና በርካሽ መገኘቱ ለመርከብ ሥራ ትልቅ እገዛ ሆነ። ከአምስተርዳም በስተሰሜን በሚገኘው የዛን ወንዝ ዳርቻ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከ600 በላይ ወፍጮዎች ጣውላ፣ የተልባ ዘይት፣ ወረቀት፣ ቀለምና ሰናፍጭ ያመርቱ ነበር። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ የመርከብ ሥራ ለመማር በ1697 ወደ ዛንዳም የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የባለ ወፍጮ ሥራ የሚጀምረው ሰማዩን በማየት ነው። ባለ ወፍጮው ከቆቡ ኋላ ወደ መሬት የሚወርደውን ረጅም እንጨት በመጠምጠሚያ መንኮራኩር እየሳበ ክንፎቹን ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ያገጣጥማል። ከዚያ በክንፎቹ የእንጨት ርብራብ ላይ በየተራ እየወጣ ሸራ ይዘረጋል፤ ነፋሱ ሲበረታ ሸራውን ይቀንሳል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ክንፎቹ ከፊት ለሚያያቸው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራሉ። ወፍጮው ቆሞም ይናገራል፦ የላይኛው ክንፍ ቀጥ ብሎ ከሚቆምበት ቦታ ጥቂት ቀደም ብሎ ከቆመ ደስታ፣ ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን ነው።

በ1641 ሌግዋተር የሃርለምን ሐይቅ በ160 ወፍጮዎች ለማድረቅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐይቁ የደረቀው ግን በ1852 ሲሆን፣ ሥራውን የጨረሱት ሦስት የእንፋሎት ጣቢያዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ 10,000 ይጠጉ የነበሩት ወፍጮዎች እያደር ተመናመኑ፤ ዛሬ ከ1,000 ጥቂት የሚበልጡ ቀርተዋል። ቅርሱን ለመታደግ በ1923 የወፍጮ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። 19 ወፍጮዎች የቆሙበት ኪንደርዳይክ በ1997 የዓለም ቅርስ ሲሆን፣ የባለ ወፍጮነት ሙያም በ2017 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ውኃውን ማውጣት ዛሬ በዋናነት የሞተር ፓምፖች ሥራ ነው፤ መሬቱ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስም ሥራው አይቆምም።