ቀለም

ቀለም፦ በላሊበላና በላስታ አድባራት የብራና መጻሕፍት የተጻፉበት ጥቁርና ቀይ ፈሳሽ። ቃሉ ግን መነሻው ላይ የመሣሪያው ስም ነበር፤ የግሪኩ «ካላሞስ» መቃ፣ ከመቃ የተቀረጸ ብዕርም ነው። ዐረብኛው «ቀለም»ና ስዋሂሊው «ካላሙ» ዛሬም ብዕር ናቸው። ዐረብኛ «ቀለመ» (ከረከመ) የሚል ግስ ስላለው ምንጩ ሴማዊ ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም የላቲኑ «ኩልሙስ»ና የጀርመንኛው «ሃልም»፣ ሁለቱም አገዳ ማለት ሲሆኑ፣ የግሪኩ ቃል የሥጋ ዘመዶች ናቸውና ክርክሩ አይጸናም። ግእዝ ለመሣሪያው «ብርዕ» የሚል የራሱ ስም ነበረው፤ ብርዕም ራሱ መቃ ነው፣ አማርኛው «ብዕር» የወጣውም ከእርሱ ነው። ቦታው በዚህ ስለተያዘ ቀለም ወደ ፈሳሹ፣ ከዚያም ወደ ማናቸውም መልክ መሸጋገሩ አያስደንቅም። ፊደል የተማረ ሰውም «ቀለም ቆጠረ» ይባላል።